ስለ ጾምና ስለ ዕለት ጸሎት፥ ስለ ጎተራም

በኮቦ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል በዚህ ሰሞን በሰው ሁሉ አፍ ይመላለሳል። ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚያስበው ድንኳኑን፥ ዝማሬውንና ማዕዱን ነው፤ ይህም አይነቀፍም፥ በዓል በዓል ነውና። ነገር ግን ስለ ኢዮቤልዩ የሚያዝዘው የኦሪት ክፍል ከማዕድ አይነሣም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 49 ዓመት በተፈጸመ ጊዜ፥ የኢዮቤልዩ መለከት የሚነፋው በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን ነው። ያ ቀን ምን ቀን ነው ቢሉ፥ የማስተስረያ ቀን ነው፤ የማስተስረያም ቀን ሕዝቡ ሁሉ ሥራውን ትቶ ሰውነቱን በጾም የሚያዋርድበት ቀን ነው። እንግዲህ ወደ ኢዮቤልዩ የሚገባው በጾም በር ነው። መለከቱ ከተነፋ በኋላ ደግሞ በችግር የተሸጠው መሬት ወደ ባለ ርስቱ ይመለሳል፥ በዕዳ ባሪያ የሆነውም ሰው ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑ ይሄዳል። ጾም ቀደመ፥ የዕዳ መፈታት ተከተለ፤ ሁለቱም በአንድ መለከት ታወጁ።

ኢዮቤልዩን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ የኢትዮጵያ ሰው ሊያውቀው ይገባው ነበር። የዓለምን ዘመን ከፍጥረት ጀምሮ በአርባ ዘጠኝ በአርባ ዘጠኝ ዓመት እየከፈለ የሚቈጥረው መጽሐፈ ኩፋሌ ምሉእ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የዕብራይስጡ ጽሕፈት በተገኘ ጊዜ እንኳ የተገኘው ቍርጥራጩ ነው። ምሉውን መጽሐፍ ለዓለም ያቈዩት ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው፥ ቁራሽ እየለመኑ ይማሩ የነበሩ አባቶች ናቸው። መጽሐፉን ጠብቆ ትእዛዙን መርሳት ግን የሣጥን ቍልፍ ይዞ ሣጥኑን እንደ መጣል ነው።

ስለዚህ በዚህ ቀን ስለ ጾምና ስለ ዕለት ጸሎት መናገር ከበዓሉ መውጣት አይደለም፤ ወደ በዓሉ ሥር መውረድ ነው እንጂ።

የግዕዝ ግስ ያጠና ሰው እንደሚያውቀው ጾመ እና ርኅበ ሁለት ልዩ ልዩ ግሶች ናቸው። ጾመ ማለት ሰው እያለው፥ አስቦና ወድዶ፥ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ከመብል ተከለከለ ማለት ነው። ርኅበ ማለት ግን የሚበላውን አጣ ማለት ነው፤ በዚህ ውስጥ የሰውዬው ፈቃድ የለበትም። ወንጌላዊው ማቴዎስ ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ ያደረገውን ሲጽፍ ሁለቱን ግሶች በአንድ ስፍራ አኑሯቸዋል፤ አስቀድሞ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት መጾሙን፥ ከዚያም በኋላ መራቡን ይናገራል። መጾሙ ስለ ምን ቀደመ ቢሉ፥ በፈቃዱ የሠራው ሥራ ነውና። መራቡ ስለ ምን ተጻፈ ቢሉ፥ እውነተኛ ሥጋ እንደ ለበሰ ለማስረዳት ነው። አንድም፥ የጾም ፍጻሜው የተራበውን ሰው ማወቅ እንደ ሆነ ለማስተማር ነው።

ይህን የሁለቱን ቃል ልዩነት የወሎና የራያ ቆላ ሰው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ተምሮታል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ በረኃብ አለቀ፤ የጊዜው መንግሥት ነገሩን መሸሸጉም ለውድቀቱ አንድ ምክንያት ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከአላማጣ በላይ ባለችው በኮረም እልፍ አእላፍ ሰው እህል ፍለጋ ተሰብስቦ በብርድና በበሽታ ሲረግፍ የዓለም ሕዝብ በቴሌቪዥን ተመለከተ። በልጅነታቸው ያን ዳገት የወጡ ሰዎች ዛሬ ሽምግልና ደርሰው በየደጀ ሰላሙ ተቀምጠዋል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ኮቦ በጦርነት ውስጥ ሳለች ተጾመ፤ ያን ጊዜ ማን ለማን ዱቄት እንዳካፈለ፥ ማንስ በሩን እንደ ዘጋ፥ እያንዳንዱ መንደር ያውቀዋል። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ረኃብና ጾም አንድ ነው ብሎ ማስተማር ስድብ ይሆናል። ረኃብ ማንንም አላጸደቀም። ረኃብ የሚያጸድቀው ሰው ቢኖር፥ እጁን የዘረጋ እንደ ሆነ፥ ያልተራበው ጎረቤት ነው።

ቤተ ክርስቲያን በዐዋጅ የሠራቻቸው አጽዋማት ሰባት ናቸው፤ እነዚህም ዐቢይ ጾም፥ ጾመ ሐዋርያት፥ ጾመ ፍልሰታ፥ ጾመ ነቢያት፥ ጾመ ነነዌ፥ ጾመ ገሃድ፥ እንዲሁም ጾመ ድኅነት የሚባሉት ረቡዕና ዓርብ ናቸው። ሁሉን የሚጾም ካህን በዓመት 250 ቀን ያህል፥ ምእመኑም 180 ቀን ያህል እንደሚጾም ይቈጠራል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ይህን ቍጥር ልጆች ሁሉ በቃላቸው ይዘውታልና ማብዛት አያስፈልግም። ከቍጥሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው እያንዳንዱ ጾም በዚህ አገር በምን ወራት ላይ እንደሚውል ነው።

የኮቦ ሜዳ በምዕራብ ደጋው፥ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይዞት የተዘረጋ፥ ሙቀቱ የጸና፥ ዝናሙ የማይታመን አገር ነው። እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉ ወንዞች ከደጋው ጎርፍ ይዘው ሲወርዱ ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል፤ ጎርፉ የቀረ እንደ ሆነ ተስፋውም ይቀራል። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባለው ሰኞ ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 ቀን ነው፤ ይህም በቆላው ፀሐይ የምትበረታበት፥ ያለፈው ዓመት እህል የሚሟጠጥበት ጊዜ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል፤ በዚያን ጊዜ ማሽላው ገና አረንጓዴ ነው፥ ጎተራው ግን ባዶውን ቆሟል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቶ እስከ ልደት ይዘልቃል፤ ይህም የአጨዳና የውቂያ ወራት ነው፥ እህል ወደ ቤት የሚገባበት፥ ላሟም አገዳውን በልታ የምትታለብበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ በነሐሴ የሚጾም ድኻ የተወው ነገር ምንድን ነው? ቅቤውንና ወተቱን ተወ እንዳይባል፥ ቅቤና ወተት ከቤቱ ከወጡ ሰንብተዋል። እርሱ የሚያቀርበው የተወውን መብል ሳይሆን ያላማረረውን ልብ ነው፤ በእግዚአብሔር ፊትም ይህ ከመብል ይከብዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚጾም ባለጸጋ ግን ወተቱ በማጀቱ ሞልቶ ሳለ ስለሚተወው ጾሙ እውነተኛ ፈተና አለበት። ሁለቱ በአንድ ቅዳሴ አጠገብ ለአጠገብ ይቆማሉ፥ በአንድ ሰዓትም ይፈታሉ፤ ጾማቸው ግን አንድ አይደለም። ካህን ሁለቱን በአንድ ቃል ሲገሥጽ መስማት ያሳዝናል። ለአንዱ ማጽናናት፥ ለሁለተኛው ተግሣጽ ይገባ ነበርና።

ስለ ሰዓቱም ነገር ጥቂት መናገር ያሻል። አባቶች የጸሎትን ጊዜ በቀን ሰባት አድርገው ሠርተውታል፤ ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋም፥ መንፈቀ ሌሊት ናቸው። በሠለስት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱ፥ በቀትር ጌታችን መሰቀሉ፥ በተሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱ ይታሰባል። ሌላው ዓለም ይህን በመጽሐፍ ሲያነብ ወደ ራሱ ሰዓት መልሶ ማስላት አለበት፤ የኢትዮጵያ ሰው ግን ሰዓቱን እንደ መጽሐፍ ከንጋት ጀምሮ ይቈጥራልና፥ የኮቦ ገበሬ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ሲናገር ያንኑ የመስቀሉን ሰዓት በስሙ ይጠራዋል። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቈየትም ከዚህ የተነሣ ነው። የሚጾም ሰው ዘጠኝ ሰዓትን የሚጠብቀው እንጀራውን ለመቍረስ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፥ የጠበቀው ሆዱን ነው እንጂ ጌታውን አይደለም።

በዐውድማና በእርሻ የሚውል ሰው ሰባቱን ጊዜ ቆሞ መጸለይ እንዴት ይችላል የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልሱም ከባድ አይደለም። ማሽላው ባፈራ ጊዜ ልጆች ከማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ወፍ ሲጠብቁ ከጧት እስከ ማታ ይውላሉ፤ እነዚያ ልጆች አቡነ ዘበሰማያትን ቢያውቁ ማማው መቅደስ ይሆናቸዋል። በሬ ጠምዶ የሚውለው ትልሙን ጨርሶ ሲመለስ አንድ ጊዜ እግዚኦ ቢል ያረሰው አይጐድልበትም። ያልተማረ ሰው በሚያውቃት በአንዲት ጸሎት ይጸልይ፤ የምትጠየቀው ነፍሱ እንጂ ንባቡ አይደለም። ነገር ግን ጸሎቱ የዕለት ይሁን። በዓመት አንድ ጊዜ በሰሙነ ሕማማት ሺሕ ሰግዶ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የማይመልስ ሰው፥ ዐሥር ዓመት ዘግቶት የቆየውን ቤት በአንድ ቀን ጠርጎ ተመልሶ እንደሚዘጋ ሰው ነው። በዛሬው ዘመን ደግሞ ብዙ ወጣት ከእንቅልፉ ሲነሣ አስቀድሞ የሚዳስሰው ስልኩን ነው፤ መስቀል ማማተብ ይከተላል፥ ተከተለም እንደ ሆነ ነው።

ጾሙን በተመለከተ ደግሞ፥ የምታጠባ እናት፥ በሽተኛ፥ የደከመ ሽማግሌ በየንስሐ አባታቸው ምክር ይሂዱ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው የሚራራ ሥርዓት አለ። ሕመምተኛዋን መድኃኒት አትዋጪ፥ ውኃም አትቅመሺ ብሎ የሚያስፈራራ ጎረቤት መምህር አይደለም።

ዳዊት ለሚደግም ሰው ግን ሌላ ነገር ይጠብቀዋል፤ የዚህም ንግግር ዐቢይ ነገር ይህ ነው። መዝሙረ ዳዊት ዐሥር ዐሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ተብሎ በ15 ንጉሥ ተከፍሏል፥ ለሳምንቱም ቀኖች ተመድቧል። ከመጀመሪያው እስከ 30ኛው መዝሙር የሰኞ ነው፤ ማክሰኞ እስከ 60፥ ረቡዕ እስከ 80፥ ሐሙስ እስከ 110፥ ዓርብ እስከ 130፥ ቅዳሜ እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድም ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይነበባል። እንግዲህ የሰኞውን የሚደግም ሰው በየሳምንቱ 14ኛውን መዝሙር ያገኘዋል። በዚህ መዝሙር ነቢዩ በእግዚአብሔር ድንኳን የሚኖር ማን ነው ብሎ ጠይቆ ሲመልስ፥ በመጨረሻ ከሚቈጥራቸው ምልክቶች አንዱ ገንዘቡን በአራጣ ያላበደረ መሆኑ ነው። አራጣን ግዕዙ ርዴ ይለዋል። ብዙ ሰው ርዴን በዜማ ያልፈዋል፤ ቃሉ አጭር ነው፥ ጊዜውም ንጋት ነውና አፍ ሲቸኵል ልብ አይደርስበትም።

በቆላው ያለው የእህል ብድር እንደምን ነው? ነገሩ ለሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ በምሳሌ ይነገር። አንዲት ባልቴት ሦስት ልጆች አሉአት እንበል። በነሐሴ፥ ማሽላው ገና ሳያፈራ፥ እህሉ ያልቅባታል። ወደ ባለ ጎተራው ሄዳ ሁለት ቁና ማሽላ ትበደራለች፤ በውቂያ ጊዜ ሦስት፥ ዓመቱም የከፋ እንደ ሆነ አራት አድርጋ ልትመልስ ትስማማለች። የተበደረችበት ወር ምንድን ነው ቢሉ፥ ፍልሰታ ነው። የምትከፍልበትስ ወር ምንድን ነው ቢሉ፥ ጾመ ነቢያት ነው። ብድሩ በአንድ ጾም ይወጣል፥ አራጣው በሌላ ጾም ይገባል። አበዳሪው በነሐሴ ለእመቤታችን ብሎ ይጾማል፥ በታኅሣሥም ጌታ ይወለዳል ብሎ ይጾማል፤ በሁለቱም ጊዜ ቁናው በእጁ ነው። ስትወስድ አፉን በእጁ አስተካክሎ ይሰፍራል፥ ስትመልስ ቍልል አድርጋ እንድትሰፍር ይጠብቃታል። ከዚህ በኋላ ወደ ቤቱ ገብቶ ከወተት ይከለከላል።

ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የሚናገረው ስለዚህ ሰው ነው። ሕዝቡ ጾመን ሳለን ስለ ምን አላየኸንም ብለው እግዚአብሔርን በጠየቁ ጊዜ የተመለሰላቸው መልስ፥ በጾማችሁ ቀን የልባችሁን ትሠራላችሁ፥ በእናንተ ሥር ያሉትንም ታስጨንቃላችሁ የሚል ነው። ከዚያም የወደደውን ጾም ሲቈጥር አስቀድሞ ያነሣው የእስራትን ቋጠሮ መፍታትን ነው፤ እንጀራ መቍረስ ከዚያ በኋላ መጣ። ሥርዓቱን ልብ በሉ። ምጽዋት ከፍትሕ በኋላ ተጻፈ። ሦስት ቁና አራጣ ተቀብሎ ከዚያው ላይ አንድ ቁና ለነዳይ የመጸወተ ሰው የሰጠው የራሱን አይደለም።

በዚህ ላይ አበዳሪውም የሚለው አለው፥ ነገሩም ሊሰማ ይገባል። እርሱ እንዲህ ይላል፤ እኔ በኅዳር ያልሸጥሁት እህል እስከ ነሐሴ ነቀዝ በልቶታል፥ ዋጋው ወጥቶ ሳለ በገበያ ሸጬ ማትረፍ ስችል ለጎረቤቴ ሰጠሁ፥ ዝናም ቢቀር ደግሞ ከነዋናው ይቀርብኛል፤ ትርፍ የሌለው እንደ ሆነ ለምን አበድራለሁ? ባላበድርስ ባልቴቷ ምን ትበላለች? ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። ኦሪት ዘዳግምም በ15ኛው ምዕራፍ አስቀድሞ አውቆታል፤ የዕዳ ምሕረት የሚሆንበት ሰባተኛው ዓመት ቀረበ ብለህ ለድኻው ወንድምህ ማበደርን እንዳትከለክል ተጠንቀቅ ይላል። ሕጉ አበዳሪው እንደሚከስር ያውቃል። ከኪሳራው ጋራ ነው ያዘዘው። ጾምስ ምንድን ነው? የሚገባውን፥ የሚፈቀድለትን፥ በእጁ ያለውን ነገር ሰው ስለ እግዚአብሔር ብሎ መተው አይደለምን? ቅቤ የተፈቀደ ሲሆን ይተዉታል። እንግዲህ ያልተፈቀደውን አራጣ ለመተው የሚከብደው ልብ፥ የተፈቀደውን ቅቤ መተዉ ስለ ምን ይቀልለዋል? ምናልባት ቅቤው እስከ ፋሲካ ቈይቶ ስለሚመለስለት፥ አራጣው ግን ስለማይመለስለት ይሆናል። የባንክ ወለድና የነጋዴ ብድር ነገር ሌላ ክርክር አለው፤ እዚህ የሚነገረው ስለ ተራበ ሰው እህል ነው።

የነህምያ ታሪክ ለዚህ የቀረበ ነው። ነህምያ ከባቢሎን ምርኮ በኋላ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ፥ በ5ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ድኾቹ ከነሚስቶቻቸው ጮኹ፤ በረኃብ ምክንያት እርሻቸውንና ወይናቸውን በእህል አስይዘው፥ ልጆቻቸውንም ለባርነት ሰጥተው ነበር። ያበደሩአቸው ባዕዳን አልነበሩም፥ ከእነርሱ ጋራ በአንድ መቅደስ የሚሰግዱ ወንድሞቻቸው ናቸው። ነህምያ ታላቅ ጉባኤ አደረገ፥ መሳፍንቱንም ዘለፈ፥ እርሱና ቤተ ሰቡ ያበደሩትን ደግሞ ከራሱ ጀምሮ ተወ። እነርሱም እርሻውን፥ ወይኑንና ወለዱን ሊመልሱ በካህናት ፊት ማሉ። ነህምያ የጾም ሰው ነበር፤ መጽሐፉ ገና ሲጀምር ስለ ኢየሩሳሌም መፍረስ ሰምቶ ሲጾምና ሲያለቅስ ይታያል። ያ ጾም በ1ኛው ምዕራፍ ተዘራ፥ በ5ኛው ምዕራፍ ታጨደ።

በካህናት ፊት ማሉ ከተባለ ዘንድ ስለ ካህናትም ሳይናገሩ ማለፍ ወገንተኝነት ይሆናል። ድኻ ከሚበደርበት ምክንያት አንዱ ተዝካር ነው። አባቱ የሞተበት ገበሬ ሰው ምን ይለኛል ብሎ በሬውን ሸጦ ወይም ተበድሮ ጠላ ይጠምቃል፥ ፍሪዳ ይጥላል፤ በዚያ ድግስ ካህናቱ ከሁሉ በፊት ይቀመጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ጸሎትና ምጽዋት አዘዘች እንጂ ዕዳ አላዘዘችም። በአንድ መሶብ እንጀራና በጥቂት ነዳያን፥ በቅዳሴና በፍትሐት የሚፈጸመው ተዝካር እንደማያንስ ለሕዝቡ ሊነግር የሚገባው በድግሱ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ካህን ነው። እርሱ ካልተናገረ ሌላው ቢናገር ንፉግ ይባላል።

ተበዳሪው ሁልጊዜ ክርስቲያን አይደለም። በራያ ቆላ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ ይውላሉ፥ በአንድ ወንዝ ያጠጣሉ፥ በሽምግልናም አብረው ይቀመጣሉ። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና የእስላሞች ረመዳን በአንድ ቀን፥ ሰኞ መጋቢት 2 ቀን ገቡ፤ ስለዚህ አንዱ ዘጠኝ ሰዓትን፥ ሌላው የፀሐይን መግባት እየጠበቀ ብዙ ጎረቤት አብሮ ጾመ። በእስላሞችም ሕግ አራጣ የተከለከለ ነው። እግዚአብሔር በኢሳይያስ አፍ የተራበውን አብላ ሲል የተራበው የማን ልጅ እንደ ሆነ አልጠየቀም፤ የሰማርያውም ሰው በመንገድ የወደቀውን ሃይማኖቱን ሳይመረምር አነሣው።

የነነዌ ሰዎች ነገር በየዓመቱ ይነበባል። ሦስቱን ቀን ሰውም እንስሳም ጾመ፥ ንጉሡም ከዙፋኑ ወርዶ በአመድ ተቀመጠ። የንጉሡ ዐዋጅ ግን በማቅና በአመድ አላበቃም፤ ሰው ሁሉ በእጁ ካለው ግፍ ይመለስ ብሎ ጨመረ። በእጁ ማለቱን አስተውሉ። ያ ግፍ በልባቸው የተሰወረ አሳብ አልነበረም፥ በእጅ የሚያዝ ነገር ነበር፤ የተቀማ ልብስ፥ የተወሰደ መሬት፥ የተቈለለ ቁና። መጽሐፉም እግዚአብሔር ማቃቸውን አየ አላለም፤ ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን፥ ሥራቸውን አየ አለ እንጂ።

ድኻውም ከዚህ ነገር ድርሻ የለውም አይባልም። የሰራፕታዋ መበለት በእጅዋ የነበረው አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር፤ ጋግራ ከልጅዋ ጋራ በልታ ልትሞት እንጨት ስትለቅም ነቢዩ ኤልያስ አገኛት፥ አስቀድማ ለእርሱ እንድትጋግርም ለመናት። ዱቄቱ ካለቀ በኋላ ብትራብ ረኃብ ይባል ነበር፤ ሳያልቅ ስለ ሰጠችው ግን ጾም ሆነ። በራያ ቆላ እንዲህ ያሉ ሴቶች ብዙ አሉ፥ ስማቸውን የሚጽፍ የለም እንጂ። በነሐሴ የቀራትን አንድ ጣሳ ዱቄት ከጎረቤት ልጅ ጋራ ለሁለት የምትከፍል እናት፥ ዳዊት ባትደግምም የ14ኛውን መዝሙር ፍቺ ታውቀዋለች።

እንግዲህ ይህች ደብር ኢዮቤልዩዋን የምታከብርበት ዓመት በጽሕፈትና በድንኳን ብቻ እንዳያልፍ፥ ለሰበካው ሽማግሌዎችና ለንስሐ አባቶች አንድ ነገር ይቀርባል። የሚመጣው ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት፥ እህል ያላቸው ሰዎች በየንስሐ አባታቸው ተጠርተው፥ በዚህ ዓመት ለተራበ ጎረቤት ያበደሩትን በሰጡበት ቁና፥ በሰጡትም ልክ ብቻ ሊቀበሉ በቃል ይታሰሩ። የማይችል ሰው ካለ ምክንያቱን ለንስሐ አባቱ ይንገር፥ በሕዝብ ፊት አይፈር። ካለፉት ዓመታት የተጠራቀመውን አራጣ ደግሞ ሽማግሌዎች አይተው፥ ዋናው የተከፈለውን እንደ ተከፈለ ይቍጠሩት። የተዝካሩንም ነገር ካህናት በመካከላቸው ተነጋግረው በአንድ ቃል ለሕዝብ ይንገሩ። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በመለከት አይደለም፤ ታኅሣሥ ሲደርስ፥ ከውቂያው በኋላ፥ ባልቴቷ ሁለት ቁናዋን ተሸክማ ወደ ባለ ጎተራው ደጅ ስትመጣ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።